ጎንደርን በእግር፣ ጎንደርን በሩጫ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጎንደር የሚጠይቁ ናቸው። ገሚሶቹ ጠያቂዎች ግንቡን በሥርዓት ማየት ይፈልጋሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ማለዳ ወጥተው ዱብ ዱብ ካላሉ ቀኑ የማይጀምርላቸው ናቸው። ለሁለቱም ወገን አስቀድመን የምንለው አንድ ነገር ነው፤ በጎንደር ሰውን የሚያስቸግረው ርቀት ሳይሆን ሰዓት ነው። ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ከፒያሳ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቁም። ሆኖም ቅዳሴው የራሱ ሰዓት አለው፣ ፀሐይዋም የራሷ አላት። ይህን ያላወቀ ሰው ግማሽ ቀኑን በተዘጋ ደጅ ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴን ጎንደር ላሳያት ነው። ዕድሜዋ 68 ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው። ከየት ብንጀምር ይሻላል? አስጎብኚስ የግድ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ብዙ ሰው በግንቡ ይጀምራል። እኛ ግን በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀምሩ እንላለን። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ወቅት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ጎብኚ ውስጡን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ጾም ባልሆነ ቀንም ቀትር ላይ በሩ ተዘግቶ ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ኪዳን ከደረሰ በኋላ፣ ከ2፡30 እስከ 4፡00 ባለው ጊዜ ብትገቡ ግን ሰውም አይበዛም፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃንም ጥሩ ነው። እሑድና በበዓል ቀን ይህ ይገለበጣል። ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ በግንቡ ጀምራችሁ ቤተ ክርስቲያኑን ከ4፡00 በኋላ አድርጉት።

እዚያ ስትገቡ አትቸኩሉ። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ጎብኚ ቀና ብሎ አይቶ የሚወጣው ግን ገና ዓይኑ ሳይለምድ ነው። እናትዎን ምንጣፉ ላይ ወይም ጥግ ባለ መቀመጫ ያስቀምጧቸው፤ ቆሞ ወደ ላይ ማየት አንገት ያደክማል። ጣሪያውን የሞሉት ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ናቸው፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ወፍራም ቅንድብና ትልልቅ ዓይን ያላቸው። በምሥራቁ ግድግዳ ከመቅደሱ በር በላይ ሥነ ስቅለቱ ይታያል፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሦስቱ ሥላሴ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ተሥለዋል። ካሜራ ቢፈቀድላችሁም ፍላሽ አታብሩ፤ ደጋግሞ የሚያርፍበት ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ ወፈር ያለ ካልሲ ያዙ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣም። ነጠላም አይርሱ።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ግንቡ። ግቢው 7 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይመድቡለት። ለእናትዎ የሚከብደው የሕንፃዎቹ ደረጃ ነው፤ የአንዱ እርከን ቁመት ከሌላው ስለሚለያይ ጉልበት አይለምደውም። ላይ መውጣት አይጠበቅባቸውም። የፋሲልን ግንብ ምድር ቤት አይተው ውጭ ሣሩ ላይ ጥላ ፈልገው ቢቀመጡ፣ ከዚያ ሆነው አብዛኛውን ያያሉ።

ከምሳ በኋላ፣ 9፡00 ሰዓት ላይ የፋሲል መዋኛ። ከመሐል ከተማው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦታው ሜዳና ጥላ ነው፣ ለሽማግሌ የተመቸ። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጦ የያዘበትን ለማየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መሬት ላይ የተዘረጋው ሥር እግር ይጠልፋልና ክንዳቸውን ይያዙ። ከጥምቀት ሰሞን በቀር ገንዳው ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ውኃ እናያለን ብላችሁ አትሂዱ። ጊዜ ከተረፈ 10፡00 ሰዓት ላይ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያለበት። ዳገት ስለሆነ በእግር አይሞከርም፣ ባጃጁ ደጁ ድረስ ያድርሳችሁ።

አስጎብኚን በተመለከተ፤ ለግንቡ አዎ፣ ይያዙ። ግቢው ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ ብዙ ስለሌለ ያለ ሰው የምታዩት ድንጋይ ብቻ ይሆናል። መታወቂያ ካርዱን ይጠይቁ፣ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ይቁረጡ፣ «ግንቡን ብቻ ነው ወይስ መዋኛውንም ይጨምራል?» ብለው ቁርጡን ይወቁ። ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። የግንቡን ቲኬት አይጣሉ፤ መዋኛው በር ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያኖቹ የራሳቸው ክፍያና ደረሰኝ አላቸው።

ጥያቄ፦ አስጎብኚያችን ከተማዋ በ1628 ተቆረቆረች አለን፤ ያነበብነው ደግሞ 1636 ይላል። ማን ነው የተሳሳተው? ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጉብኝት በኋላ የትኛው ግንብ የማን እንደሆነ ተደበላለቀብን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ነው የቆጠረው። ከፈረንጅ ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ለሚውለው 7፣ ለቀረው የዓመቱ ክፍል 8 ይቀነሳል። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 ነው፤ በእኛ 1972 ማለት ነው። አስጎብኚውን ገና ሲጀምር «ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር ነው የምትነግረን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እኛ እዚህ የምንጽፈው እ.ኤ.አ. ነው።

መደበላለቁ የሚመጣው ጉብኝቱ በነገሥታቱ ቅደም ተከተል ሳይሆን ለመንገድ እንደተመቸ ሲሄድ ነው። አስጎብኚውን በነገሥታቱ ተራ እንዲያስኬዳችሁ ለምኑት፤ ጥቂት እርምጃ ይጨምራል እንጂ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ ፋሲል፣ ከ1632 እስከ 1667 የነገሠው። የሱ ግንብ በአራት ማዕዘኑ ክብ ክብ ማማ ቆሞበታል፣ የማማዎቹ ጫፍ እንደ እንቁላል ነው፤ እንቁላል ግንብ የሚባለውም ለዚህ ነው። ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ግድግዳው ቀርባችሁ ድንጋዩን እዩ። ጥቁር ቡናማው የባዛልት ድንጋይ በኖራ ተያይዟል፤ አንዱ ድንጋይ ከሌላው በመጠን አይገጥምም፣ ክፍተቱን የሞሉት ትናንሽ ስባሪዎችና ኖራው ናቸው። ግንቡን በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ያቆመው ይህ ኖራ ነው። ለዚህ ነው ጣት ከቶ መፈልፈልም ሆነ ግድግዳው ላይ መውጣት የማይገባው፤ ውኃ የሚገባው ኖራው በለቀቀበት በኩል ነው፣ ውኃ የገባበት ግድግዳ ደግሞ በአንድ ክረምት ሆዱን ይነፋል።

ቀጥሎ ልጁ ጻድቁ ዮሐንስ፣ 1667 እስከ 1682። የሱ ቤተ መጻሕፍት ከፋሲል ግንብ አጠገብ ያለው አነስተኛ ሕንፃ ነው። ከዚያ ኢያሱ አድያም ሰገድ፣ 1682 እስከ 1706። የጣሪያው ቅርጽ እንደ ፈረስ ኮርቻ የሆነው የሱ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እዚህ መጥቶ የቤተ መንግሥቱን ጌጥ አድንቆ ጽፏል፤ አሁን የሚታየው ግን ባዶ ግድግዳ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ከከተማዋ ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ቦምብ ጎድቶታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከለውም ይኸው ኢያሱ ነው። ደርቡሾች በ1888 የከተማዋን አድባራት ሲያቃጥሉ ያ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል፤ የንብ መንጋ አባረራቸው ይላል የአገሩ ሰው።

ከዚያ ንጉሥ ዳዊት በመዝሙር ቤቱ፣ ንጉሥ በካፋ ደግሞ በረጅሙ የግብር አዳራሹ ይታወሳሉ። መጨረሻ የሚመጣው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ነው፤ ግድግዳው ላይ በድንጋይ የተሠራ መስቀል ካያችሁ የሷ ነው። ምንትዋብ ባሏ በካፋ ከሞተ በኋላ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆና ያስተዳደረች የቋራ ሴት ናት። ኋላ ቁስቋም ላይ የራሷን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። ስለዚህ በተራ የሄደ ሰው ጉብኝቱን ግቢው ውስጥ አይጨርሰውም፤ የታሪኩ ቀጣይ ምዕራፍ ዳገቱ ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ለአራት ቀን እመጣለሁ፣ ፒያሳ ነው የማርፈው። 10 ኪሎ ሜትር በ55 ደቂቃ እሮጣለሁ። ታሪካዊ ቦታዎቹን እያየሁ የምሮጥበትን መንገድ ጠቁሙኝ። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከፍታው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እግርዎ ደህና ሆኖ ደረትዎ ቢያቃጥል አይገረሙ። የእርስዎ ፍጥነት በኪሎ ሜትር 5፡30 ደቂቃ ነው፤ እዚህ ከ6፡15 እስከ 6፡30 ያድርጉት፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሰዓቱን ጭራሽ አይዩት። መለኪያዎ ወሬ ይሁን። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይህ አያሳስበውም፤ እሱን የሚፈትነው ዳገትና ቁልቁለቱ ነው።

የሚወጡበት ሰዓት እንደ ወሩ ይለያያል። በሰኔ 12፡05 አካባቢ ፀሐይ ትወጣለች፣ በጥር ግን 1፡00 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ አትወጣም። በጨለማ አይውጡ። ጅብ ከከተማው ጠርዝ የሚመለስበት፣ ውሻም በመንጋ የሚሄድበት ሰዓት ነው። ማታውኑ ያረፉበት ቤት ሰዎች ዘንድ ሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን፣ ሊሮጡበት ያሰቡት አቅጣጫም ሰላም መሆኑን ይጠይቁ፤ ይህን በየቀኑ ነው የሚጠይቁት፣ አንድ ጊዜ ጠይቀው አይተዉት።

በመጀመሪያው ቀን ግንቡን በውጭ በኩል ይዙሩት። የአጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከአጥሩ ራቅ በሚልበት ቦታ የእጅ ሰዓትዎ ከዚያ ጥቂት ቢያስበልጥ እውነቱ ነው። ከጃን ተከል ዋርካ ይነሡና ግንቡን በግራ እጅዎ ይዘው ይዙሩ። በዚህ አቅጣጫ ሲሮጡ መኪናና ባጃጁ ከፊት ለፊትዎ ስለሚመጣ ያዩታል። ሁለቱን ዙር በእርምጃ፣ ሁለቱን በሶምሶማ፣ ይበቃል። ግንቡ 12 በሮች አሉት፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ አደናገር በር፣ ተዝካሮ በር እያሉ የብዙዎቹ ስም እዚያ ይሠራ ወይም ይኖር የነበረውን ሰው ይነግራል። እምቢልታ ነፊዎቹ የት እንደነበሩ፣ ፈታዮቹ በየት ይገቡ እንደነበር እየዞሩ ማወቅ ይቻላል። ነገ ከአስጎብኚ ጋር ሲገቡ ውስጡ አይጠፋዎትም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህ መንገድ የሚያታልል ነው። ሲሄዱ ወደ ቀሃ ወንዝ ሸለቆ ስለሚወርድ እግር ይቀልላል፣ ሰው ሳያስበው ይፈጥናል፤ መመለሻው ግን በሙሉ ዳገት ነው። በከፍታ ያልለመደ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሲወርዱ ከሚችሉት ፍጥነት ዘግየት ይበሉ፣ መዋኛው አጥር ጋ አምስት ደቂቃ ቆመው ውኃ ይጠጡ፣ ሲመለሱ ሦስት ደቂቃ ሮጠው አንድ ደቂቃ ይራመዱ።

ሦስተኛው ቀን የእረፍትና የጉብኝት ይሁን። ከዝቅተኛ ቦታ ለመጣ ሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይከብዳሉ፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ራስ ሊያም ይችላል።

በአራተኛው ቀን ምርጫ አለዎት። አንደኛው እስከ መዋኛው ወርደው ከዚያ ወደ ቁስቋም መውጣት ነው። ሽቅቡ ጠንካራ ስለሆነ ግማሹን በእርምጃ ይውጡት፤ ለእኛ ግን በከተማዋ ካሉት የማለዳ መንገዶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ የምንትዋብ ግንብ ፍርስራሽ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ለማየት ያደርሳልና። ሁለተኛው ከፒያሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣት ነው። አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ሲሆን ጫፉ ላይ ከተማዋ ከነግንቧ ከእግርዎ ሥር ትዘረጋለች። ከዚያ ሲወርዱ አይንደርደሩ፤ ጭንዎን በማግሥቱ ደረጃ እንዳይወርዱ አድርጎ የሚይዘው ሽቅቡ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው።

የአዘዞን መንገድ አንመክርም። ሜዳው ይስባል፣ ግን ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጭሱም ደረት ይይዛል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴም እየሮጡ ደጁ ድረስ አይሂዱ። ቅጥሩ ከመድረሱ በፊት ወደ እርምጃ ይለውጡ፣ ከላይ የሚደርቡት ነገር ይያዙ፤ በዚያ ሰዓት ሰዉ ኪዳን ሊያስደርስ ነጠላውን አጣፍቶ የሚሳለምበት ደጅ ነው።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን ላይ ስሮጥ ቁርጭምጭሚቴ ይታጠፋል። ሁለት ጊዜ ወለም ብሎኛል። ምን ላድርግ? (ከጎንደር፣ ማራኪ)

መልስ፦ ኮብል ሲያረጅ የድንጋዩ አናት እየተለሰለሰ ይሄዳል፣ በመካከሉ ያለው አሸዋ ደግሞ በጎርፍ ታጥቦ ይጎድላል። እግርዎ ሲያርፍ ግማሹ አናቱ ላይ፣ ግማሹ ክፍተቱ ላይ ይሆናል። በዚያ ላይ መንገዱ ውኃ እንዲወርድ ከመሐል ወደ ጠርዝ ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ የሚሮጥ ሰው አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ሁለቱም ጊዜ የታጠፈው አንዱ እግርዎ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

እርምጃዎን ያሳጥሩ። በደቂቃ ከ170 እስከ 180 እርምጃ ድረስ ይምጡ፤ አጭር እርምጃ እግርን ከሰውነት ሥር ስለሚያሳርፍ ቢንሸራተት እንኳ ይመለሳል። ዓይንዎ ከፊት ሦስት አራት ሜትር ይይ፣ ከእግርዎ ሥር አይደለም። መኪና በሌለበት መሐሉን ይያዙ። ሶሉ በጣም ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ለኮብል አይሆንም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ለመታጠፍ ይቀልላል። ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሮጠ ጫማ ደግሞ ጥርሱ አልቋልና በዝናብ አይታመንም። ከሁሉ የከፋው ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ካፊያ ነው፤ አቧራውን ወደ ቅባት ይለውጠዋል። በዚያን ቀን ስታዲየም ወይም አስፋልት ይሻላል።

ቤት ውስጥ በአንድ እግር 30 ሰኮንድ መቆም፣ በየእግሩ ሦስት ጊዜ፤ ሲቀልል ዓይን ጨፍኖ። ተረከዝ አንሥቶ መውረድ 15፣ ሦስት ዙር። ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ይሥሩት።

እንደገና ወለም ካለ ያቁሙ፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ይያዙበት፣ ይጠቅልሉት። ያን ዕለት ወደ ወጌሻ ሄደው አያሳሹት፤ ገና የሚደማን ጅማት ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል፣ ስብራት ካለም ያንቀሳቅሰዋል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን እስከ 9፡00 ሰዓት ነው የምጾመው። ልምምዴን ሳላቋርጥ መቼ ልሩጥ? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ጠዋት አይሩጡ። ጠዋት ያላቡትን ውኃ የሚተኩት ስምንት ሰዓት ያህል ቆይተው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደምዎ ወፍሮ፣ ራስዎ እየከበደ ይውላል። ከጾም መፍቻው በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ከ11፡00 ሰዓት ጀምሮ ይሩጡ። ፀሐይዋ በርዳለች፣ የጎንደር አየርም በዚያ ሰዓት ደስ ይላል።

ሲፈቱ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ በሶ ይጠጡ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በግማሽ ሊትር ውኃ በጥብጠው ቁንጣሪ ጨውና አንድ ማንኪያ ማር ይጨምሩበት። በርበሬ የበዛበትን ወጥ ከሩጫው በኋላ ያቆዩት፣ ዳገት ላይ ቃር ይሆናል። ሩጫው ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። የፍጥነት ልምምድን ለትንሣኤ ማግሥት ያቆዩት፤ በጾም ወራት ያገኙትን ጉልበት መጠበቅ ይበቃል። ሽንትዎ ጠይም ቢጫ ከሆነ በማግሥቱ ይረፉ።

ጥያቄ፦ 12 ጓደኛሞች ነን። አስጎብኚ ይዘን እየሮጥን ከተማዋን ማየት እንፈልጋለን። እንዴት እናዘጋጀው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ 12 ሰው በአንድ አስጎብኚ አይሆንም። የኋላው ሳይደርስ የፊቱ ትረካ ያልቃል። ለስድስት ስድስት ተከፈሉና ሁለት አስጎብኚ ያዙ፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ተነሡ። አስጎብኚው ሯጭ መሆን የለበትም፤ በባጃጅ ቀድሞ በየማረፊያው ቢጠብቃችሁ ይበልጣል። ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ታሪክ መናገር አይችልምና። ከእናንተ መካከል በጣም ዝግ የሚለው ከፊት ይሁን፣ ጠንካራው ከኋላ ሆኖ የቀረ ሰው አለመኖሩን ይጠብቅ።

ማረፊያዎቹን አራት አድርጓቸው፤ ጃን ተከል፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸው ሕንፃዎች የሚታዩበት ፒያሳ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም። በእያንዳንዱ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ ሰውነት ይቀዘቅዝና ባት ይጨመድዳል፣ ማለዳው ይበርዳልና። ባጃጁ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ውኃ፣ የሚደረብ ጃኬት፣ ለሴቶቹ ነጠላ፣ ለቁስቋም የሚሆን ረጅም ሱሪ ጫኑ። ጠቅላላው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

ግንቡ ግቢ ውስጥ ግን አትሩጡ። እዚያ በእግር ነው የሚገባው፤ ታጥባችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ረፋድ ላይ ከነዚሁ አስጎብኚዎች ጋር ተመለሱ። ከጥር 9 እስከ 12 ደግሞ ይህን ሁሉ አታስቡት። በከተራ ታቦታቱ ወደ መዋኛው ስለሚወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ያኔ የሚሻለው ነጠላ ለብሶ ከሕዝቡ ጋር መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻ ሲከተለኝ ልሩጥ ወይስ ልቁም? (ከጎንደር፣ ቀበሌ 18)

መልስ፦ ይቁሙ። የሚሮጥ ነገር ውሻን ያሳድደዋል። ፊትዎን ወደ እሱ አዙረው፣ ዓይኑን ትኩር ብለው ሳያዩ፣ በእርምጃ ወደ ጎን ይራቁ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እንደሚያነሡ መምሰል ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፤ መወርወር አያስፈልግም። መንጋ ከሆነ ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ።

ከነከሰዎት ወይም ጥርሱ ቆዳዎን ከጫረ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት። ሰዓት አይተው ይቁጠሩ፤ 15 ደቂቃ ከሚያስቡት በላይ ረጅም ነው። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ቡናም አይነስንሱበት፣ በጨርቅም ጥብቅ አድርገው አይሰሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይጠይቁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱን በጊዜ የጀመረና የተነገረውን ቀጠሮ ሳያጓድል የጨረሰ ሰው ግን ይተርፋል። ውሻው ባለቤት ያለው ከሆነ አስሮ ለ10 ቀን እንዲጠብቀው ይንገሩት። የእርስዎ ክትባት ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም።